ለአቡ ሳልም ቤት የተሰጠው ፈቃድ

ባለፈው ወር ከባለቤቴ ጋር ወደ አንዲት የገጠር ቀበሌ ሄድን። ባለቤቴ ከአባቷ የወረሰችው ቁራጭ መሬት አለ፤ እዚያ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ቀልሰን ጡረታችንን ከጎመንና ከዶሮ ጋር ልናሳልፍ አስበናል። የግንባታ ፈቃድ የምትሰጠው ባለሙያ የልጄ እኩያ ናት። ያቀረብኩላትን ንድፍ ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ ከውኃው ጉድጓድ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ጠየቀችኝ። ሠላሳ አልኳት። «ጥሩ ነው አባባ» ብላ ልትፈርም ብዕሯን አነሳች። ቆይ አልኳት። ቦታውን ሄዳ አይታው እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አላየችም። እንግዲያው አሁን አትፈርሚ፣ መጀመሪያ ቆፈር አድርገን እንየው አልኳት። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ልጅቷም ግራ ገብቷት አየችኝ፤ ፈቃድ ሊሰጠው ሲል ቆይ የሚል ሽማግሌ አጋጥሟት የሚያውቅ አይመስለኝም። ምክንያቱን ላስረዳት ብል ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበርና ተውኩት። ስንመለስ ግን ባለቤቴ የምትናገረውን አልሰማሁም፤ ልቤ ዓረብ አገር፣ ኮባር ነበር።

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። የባሕረ ሰላጤው ጦርነት አልፎ፣ የባሕሩ ዳር መንገድ እንደገና ምንጣፍ አንጥፎ በሚቀመጥ ቤተሰብ የተሞላበት ዘመን ነው። ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ፤ ሻዋርማ ሁለት ሪያል፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ አንድ ሪያል እንደነበር ግን አልሳሳትም። ቱቅባ በሚባል ሰፈር ከሁለት ያገሬ ልጆች ጋር አንድ ፎቅ ላይ እኖር ነበር። ከበታቻችን አንድ የመናዊ ዳቦ ይጋግራል፤ ከፊት ለፊት ያለው ፓኪስታናዊ ልብስ ሰፊ ደግሞ ወገቡ ላይ ሽንሽን ያለው፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠብ ሱሪ በሦስት ቀን ያደርሳል። ሦስታችንም ያንኑ ሱሪ፣ በሦስት ቀለም፣ አሰፍተን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ወደ መሐል ከተማ እንወጣ ነበር። መንገዱ ጥግ ላይ ካሴት የሚያባዛ ሱቅ አለ፤ ካገር ቤት የመጣው አንድ ካሴት ከቅጂ ላይ ሲቀዳ፣ ከዚያም ላይ ሲቀዳ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ዘፋኙ ከባሕር ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። እንደዚያም ሆኖ እናለቅስበታለን። በበጋ ከቀዘቀዘው ቤት ወደ ውጭ ስትወጣ መነጽርህ በአንዴ በእንፋሎት ይጋረዳል፤ እስኪጠራ ድረስ ደጃፍ ላይ ቆመህ እንደ ዕውር ትጠብቃለህ። ዛሬ የዚያን አገር ፎቶ ልጆቼ በስልካቸው ሲያሳዩኝ አላውቀውም። እኔ የማውቀው ያን የሚጋረድ መነጽር ነው።

ሥራዬ ንድፍ መሣል ነበር። ቢሯችን አል ዑለያ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ንድፍ የሚያባዛው ማሽን የአሞኒያ ሽታ ከሸሚዜ እስከ እራቴ ድረስ ይከተለኝ ነበር። ትልልቆቹን ቪላዎች አለቃችን ራሱ ይይዛል። ትንንሾቹ፣ በተምር እርሻዎች ውስጥ የሚሠሩት አንድ ሁለት ክፍል ቤቶች፣ ለእኔ ይጣላሉ። ለእነዚህ አንድ የተዘጋጀ ንድፍ አለን፤ የባለቤቱን ስም እለውጣለሁ፣ በዚያ አገር አፍ ባያራ የሚሉትን የፍሳሽ ጉድጓድ ከውኃው ጉድጓድ ሠላሳ ሜትር አርቄ አስቀምጣለሁ፣ ከግርጌ ጥግ ላይ የስሜን ሁለት ፊደል አሰፍራለሁ፣ አለቀ። የሚያስፈራን የጎረቤታችን የደማም ከተማ ማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ ኡስታዝ ኻሊድ ብቻ ነበር። ወጣት ነው፤ ቀሚሱ ሁልጊዜ እንደ በረዶ የነጣ፣ ንግግሩ ቁጥብ። ጥፋት ካየ በአረንጓዴ ብዕር አክብቦ ይመልስልሃል፤ ክርክር የሚባል ነገር የለም።

አንድ ቀን አቡ ሳልም የሚባሉ ሽማግሌ ወደ ቢሯችን መጡ። ጢማቸው በሒና የቀላ፣ በነጠላ ጫማ፣ በእጃቸው ከሰሌን በተሠራ እቃ ተምር ይዘው። እርሻቸው ከደማም ወጣ ብሎ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሪያድ የምትኖረው ልጃቸው ኑራ ባሏ በመኪና አደጋ ሞቶባታል፤ እሷና ሦስት ልጆቿ ከባሏ ወንድም ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ነው ያሉት። ከረመዳን በፊት ወደ እኔ ላመጣቸው እፈልጋለሁ፣ እርሻው ውስጥ ቤት ልሥራላቸው አሉ። ውኃ አያታቸው የቆፈሩት ጉድጓድ አለ፤ ተምሩም ሰዉም ከዚያ ነው የሚጠጣው። ይህን ሁሉ ሲናገሩ እያንዳንዳችንን ዓይን ዓይናችንን ያዩ ነበር፣ ቤቱን የምንሰጣቸው እኛ የሆንን ይመስል። እኔም ከወንበሬ ሳልነሳ በሁለት ቀን ሣልኩላቸው። ኡስታዝ ኻሊድ አንድም ቦታ ሳያከብብ ማኅተም መታበት፤ ሽማግሌው ፈቃዱን ሲቀበሉ ወረቀቱን ስመው ግንባራቸው ላይ አደረጉት። ኮራሁ።

በሳምንቱ አለቃዬ ተቆጥቶ ጠራኝ። የፍሳሹን ጉድጓድ የሚቆፍረው ሠራተኛ አልቆፍርም ብሎ ተቀምጧል፤ ያገርህ ሰው ነው ይላሉ፤ ሂድና አስቆፍረው አለኝ። የቢሮውን መኪና ይዤ ሄድኩ። ከተምሮቹ ሥር፣ ከጉድጓዱ በወጣው አፈር ላይ፣ አምሳ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው በረጠበ ጨርቅ ራሱን አስሮ ተቀምጧል። ገና ሳየው ሐበሻ እንደሆነ አወቅሁ፤ እሱም አወቀኝ። ሰይድ አሊ ይባላል፣ ከወሎ፣ ከቃሉ በኩል የመጣ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእጁ ጉድጓድ ሲቆፍር ኖሯል። የቤተሰቤን ደህንነት፣ ያገር ቤት ዝናብ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ነገሩ የገባው። እዚህ ቦታ አይሆንም አለኝ። ሁለት ሜትር ሳይሞላ ውኃ አግኝቷል፤ ከታች ያለው አለት ተሰንጥቋል፣ ውኃውም በዚያ ስንጥቅ ወደ መጠጡ ጉድጓድ ይሄዳል።

እኔ ንድፉን ዘረጋሁለት። ሠላሳ ሜትር ነው፣ ማኅተሙም ይኸው አልኩት።

«ልክ ነህ፣ ሠላሳ ነው። እኔም በእርምጃ ለክቼዋለሁ» አለኝ። «ውኃው ግን ወደዚያ ነው የሚሄደው። ወርደህ እየው።»

ጫማዬን አየሁ። አዲሱን ሱሪዬንም አየሁ። ቀትር ነው፣ የውኃው ሞተር ጠፍቷል፣ ከዝንብ ድምፅ በቀር ምንም አይሰማም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እስከ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬን የሚያግለኝን ነገር ተናገርኩ።

«አንተ ቆፋሪ ነህ። የት እንደሚቆፈር የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ። ቁፈር።»

አንገቱን ደፋ። ያም አልበቃኝ ብሎ፣ እምቢ ካልክ ካፊልህ ሁሩብ ያስጽፍብሃል አልኩት። ሁሩብ ማለት ካፊልህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህን የያዘው አሠሪ፣ ጠፍቷል ብሎ ለፖሊስ ያስመዘግብሃል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቅህ እስርና መባረር ብቻ ነው። ሰይድ የአምስት ልጆች አባት ነው። «ያስጽፍ። ሰው በሚጠጣው ውኃ ላይ አልቆፍርም» አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ወደ መኪናዬ ስመለስ አቡ ሳልም ተምራቸውን ሊያጠጡ ሞተሩን አስነሱ። ሰይድ ሞተሩን ሲሰማ ተነሳና፣ እኔን ሳያይ፣ በመሰላሉ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ተመልሼ አፋፉ ላይ ቆምኩ። ከዘንባባ ቅጠል ቀጭን ስንጥር ሰንጥቆ ውኃው ላይ አስቀመጠ። ስንጥሩ ትንሽ ዋለለ፤ ከዚያ ቀስ፣ ቀስ እያለ፣ የሚጠራው ያለ ይመስል፣ በመጠጡ ጉድጓድ በኩል ወዳለው ግድግዳ ተጓዘ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመና ወደ ውስጥ ተዋጠ። ሰይድ ሌላ ስንጥር አስቀመጠ፤ እሱም ተዋጠ። ከዚያ ሞተሩን እንዲያጠፉት ለአቡ ሳልም ጮኸ። ሞተሩ ሲጠፋ ሦስተኛው ስንጥር ባለበት ቆመ። ሲነሳ እንደገና መጓዝ ጀመረ።

ጫማዬን ረሳሁት። ወረድኩ። ሰይድ እጄን ይዞ ከአለቱ ስንጥቅ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ውኃው ጣቶቼን ወደ ውስጥ ይስብ ነበር፣ ሕፃን ጡት እንደሚስብ፣ በዝግታ ግን ሳያቋርጥ። በዚያ አገር ብዙ የሚያስደንቅ ነገር አይቻለሁ። ባሕር ላይ የተዘረጋ ድልድይ አይቻለሁ፤ ጨዋማውን የባሕር ውኃ ለመጠጥ የሚያበቃ ፋብሪካ አይቻለሁ። ከእነዚያ ሁሉ በፊት የሚመጣብኝ ግን ያ ጉድጓድ ነው። ደረቅ ነው ብዬ በመኪና የምሄድበት፣ በወረቀት ላይ ነጭ አድርጌ የምተወው መሬት፣ ከሥር ይተነፍስ ነበር።

አለቃዬ ሊሰማኝ አልፈለገም። ማኅተም የተመታበትን ነገር መነካካት ለቢሮው ጥሩ አይደለም፣ ሌላ ቆፋሪ ይምጣ አለ። እኔ ደግሞ እንጀራዬ በእሱ እጅ ነው። በማግስቱ ሌላ ፋይል ላደርስ ነው ብዬ ወጣሁና ደማም፣ ኡስታዝ ኻሊድ ዘንድ ገባሁ። አንተ የፈረምክበት ወረቀት ስሕተት ነው ልለው ነው የመጣሁት። እስክጨርስ ሻዩን እየጠጣ ሰማኝ። ደንቡ ሠላሳ ሜትር ነው የሚለው፣ ንድፍህም ሠላሳ ነው አለኝ። ከዚያ ማን እንዳየው ጠየቀኝ። መጀመሪያ ያየው ቆፋሪው ነው፣ እኔ ከእሱ በኋላ ነው ያየሁት አልኩት። የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠና ነገ ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ እመጣለሁ አለ።

መጣ። መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ ወጣ፤ ቀሚሱ እንደ ወትሮው የነጣ ነው። ወደ ጉድጓዱ ጠጋ ብሎ አየና ያላሰብነውን አደረገ። የራሱን መሸፈኛ አውልቆ የመኪናው ጣሪያ ላይ አስቀመጠ፣ ቀሚሱን ሰብስቦ ወገቡ ላይ አሠረ፣ በመሰላሉ ወረደ። አቡ ሳልም ሊከለክሉት እጃቸውን ሲዘረጉ ወርዶ ነበር። እዚያ ታች ከሰይድ ጋር ብዙ ቆየ፤ ሰይድ በተሰባበረ ዓረብኛ ሲያስረዳው፣ እሱ ሲጠይቅ፣ ስንጥር ሲቀባበሉ ከላይ ሆነን እናያለን። ሲወጣ የቀሚሱ ጫፍ ጭቃ ነክቶታል። አላራገፈውም።

ከመኪናው አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አመጣ፤ ውስጧ የሸክላ ቀለም ያለው ዱቄት አለ። ዩኒቨርሲቲ ሳለ የውኃን አካሄድ ለማጥናት ይጠቀሙበት እንደነበር፣ ውኃ ሲነካውም ቀለሙ እንደሚለወጥ ነገረኝ። አንድ እፍኝ የማይሞላ ዱቄት በባልዲ ውኃ በጥብጦ ወደ ፍሳሹ ጉድጓድ ከለበሰ። የአቡ ሳልም ሞተር ውኃ እየሳበ፣ ከፊቱ ወዳለው የሲሚንቶ ገንዳ ይተፋል። ገንዳው አጠገብ ተቀመጥን። አቡ ሳልም አልተጨነቁም፤ አያታቸው የቆፈሩት ጉድጓድ ነው፣ በሕይወታቸው ሌላ ውኃ ጠጥተው አያውቁም፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ አይገባቸውም። ተምር አቀረቡልን። የዓስር ሶላት ሰዓት ሲደርስ ሽማግሌው፣ ተቆጣጣሪውና ሰይድ አንድ ምንጣፍ ላይ ተሰልፈው ሰገዱ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ገንዳው አጠገብ ቀረሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ።

ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ የነካው መሰለ። ዓይኔ ነው ብዬ መነጽሬን ጠረግሁ። እየቆየ ደመቀ፤ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ፣ የሣር አረንጓዴ ሳይሆን፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ራሱ የሚያበራ አረንጓዴ። ገንዳው ሞላ፤ በቦዩ ወረደ፤ የተምሮቹን እግር ዞሮ፣ በዚያ አመድማ አሸዋ ላይ እንደ ብርሃን ፈሰሰ። ሦስቱ ሰግደው ዞር ሲሉ አዩት። አቡ ሳልም ገንዳው ዳር ተቀምጠው እጃቸውን ውኃው ውስጥ ነከሩና አውጥተው አዩት።

«ሱብሓን አላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን ለልጅ ልጆቼ ላጠጣቸው ነበር።»

ሞተሩ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ ሲሠራ ሰነበተ፤ ሽማግሌው በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የውኃ ቦቴ አስመጡ።

ያን ቀን ሰይድን ወደ ቱቅባ የመለስኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ስለ አንድ ሌላ ጉድጓድ አጫወተኝ። በመጣበት ዓመት፣ ያዘዙትን ብቻ በሚቆፍርበት ጊዜ፣ እንዲህ ያለ ስንጥቅ አግኝቶ ነበር። ምን እንደሆነ ተጠራጥሯል፤ ግን አዲስ ነው፣ ቋንቋ አያውቅም፣ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ በካፊሉ እጅ ነው፤ ዝም ብሎ ቆፈረ። ከወራት በኋላ በዚያ ቤት ሁለት ሕፃናት በተቅማጥ ሆስፒታል መግባታቸውን ሰማ። ድነው ይሁን አይሁን አላወቀም፤ ሄዶ ለመጠየቅም አልደፈረም። ከዚያ ወዲህ አንድ ጉድጓድ ውኃ ሲያገኝ መጀመሪያ ስንጥር ያስቀምጣል።

ይህን ሲነግረኝ መኪናውን ዳር አስያዝኩ። በመጀመሪያው ቀን ስለተናገርኩት ይቅርታ አድርግልኝ፣ ጋሽ ሰይድ አልኩት።

«ምን ብለህ ነበር?» አለኝ። «ሞተሩ እየጮኸ አልሰማሁህም።»

ሞተሩ ጠፍቶ እንደነበር እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። «አብሽር፣ ንዳ» አለኝ። ነዳሁ።

ኡስታዝ ኻሊድ የራሱን ማኅተም በራሱ አረንጓዴ ብዕር ሰረዘው። አንድ ባለሥልጣን በራሱ ፊርማ ላይ መሥመር ሲያሰምር ያን ቀን ነው ያየሁት፤ ከዚያ በኋላ በየትም አገር አላየሁም። እኔ አዲስ ንድፍ ሠራሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ወንበሬ ላይ ሳይሆን እርሻው ውስጥ፣ ተንበርክኬ። ባያራው ቀረና ከቤቱ በሌላ ወገን፣ አለቱ ባልተሰነጠቀበት፣ ወለሉም ግድግዳውም በኮንክሪት የታሸገ፣ የፍሳሽ መኪና እየመጣ የሚመጥጠው ማጠራቀሚያ ሆነ። አለቃዬ አንድ ሳምንት አኮረፈኝ፤ ሆኖም መጀመሪያ ቆፍረን አይተን የምናቀርበው ንድፍ ከማዘጋጃ ቤት ሳይመለስ ሲመጣለት ኩርፊያውን ተወ። የሰይድ ካፊል በእርግጥም ሁሩብ ሊያስጽፍ ተነስቶ ነበር። አቡ ሳልም ራሳቸው ሄደው ከቤቱ ተቀመጡ፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ በወሩ ግን ሰይድ ወደ እሳቸው ተዛወረ፣ ካፊሉ እሳቸው ሆኑ።

ኑራ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጣች። እኔና ሰይድ እንደ ደንቡ ራቅ ብለን በተምሮቹ መሐል ቆምን። ልጆቹ ከመኪናው እንደወረዱ ጫማቸውን ወርውረው በአዲሱ ቤት ዙሪያ ሲሮጡ ድምፃቸው ይመጣል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አቡ ሳልም ወደ እንግዳ መቀበያቸው ጠሩን። አዲሱን ፈቃድ መስታወት አስገብተው ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል፤ ማንበብ ግን አይችሉም፣ ምን እንደሚል ንገሩኝ አሉ። እኔ በጽሕፈት መኪና የተጻፈውን ክፍል አነበብኩላቸው፤ የባለቤት ስም፣ የክፍል ብዛት፣ ርቀት። ከታች በእጅ የተጨመረ፣ በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ አንድ መሥመር ነበር፤ ጽሑፉ ተጠላልፎ እኔን አስቸገረኝ። ሰይድ ቁርኣን ተምሯልና ፊደሉን ያውቃል። ጠጋ ብሎ ጣቱን መስታወቱ ላይ አስሄደ። የፍሳሹ ማጠራቀሚያ ቦታ የተወሰነው ጉድጓዱ ከታየ በኋላ፣ በቆፋሪው ምስክርነት ነው ይላል። ከዚያ ጣቱ ቆመ። አንድ አንድ ፊደል እየለየ፣ ልክ እንደ መድረሳ ተማሪ፣ ድምፁን አውጥቶ የራሱን ስም አነበበ። ሰይድ። አሊ።

«ይህ ማኅተም የመንግሥት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ ባማርኛ።

የመንግሥት ነው አልኩት።

እንደገና አነበበው። አቡ ሳልም ምን እንደሚል ይጠብቃሉ፤ ሰይድ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣

«የአባቴንም ስም ጽፎታል» አለኝ።